ባስ ለመያዝ የሄዱ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ መሆን እንደ አገሩ ይለያያል። አገር ቤት አንድ ሰው ለሽምግልና እስኪመረጥ ድረስ ዕድሜው ይታያል፣ ትዳሩ በሰፈር ሰው ይገመገማል፣ ሲናገር የሚደመጥ ሲቆጣ የሚፈራ መሆኑ ይጣራል። ጆሃንስበርግ ውስጥ ግን መስፈርቱ ሦስት ብቻ ነው፤ መኪና ያለው፣ መንጃ ፈቃዱ ያላለፈበት፣ ቅዳሜ ሥራ የማይገባ። በዚህ ሚዛን ከተኬደ እኔ ከማቱሳላ እኩል ነኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጀርሚስተን ውስጥ በአንድ ኢንሹራንስ ቢሮ ተቀምጬ የሰው የተጋጨ መኪና ፎቶ ስመለከት እውላለሁ፤ ባለቤቴ በገዛ ቤታችን ጉዳይ አንድም ቀን ምክሬን ጠይቃኝ አታውቅም። ቢሆንም እስካሁን በአራት ጋብቻ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ሁለቱ እስከ ዛሬ አብረው አሉ። ስለ ሌሎቹ ሁለቱ እኔን አትጠይቁኝ፣ እኔ የሾፌርነት ድርሻዬን ተወጥቻለሁ።

ሽምግልና አንድ ጥብቅ ሕግ እንዳለው ታውቃላችሁ። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገርና ደህና ጆሮ ሳያገኝ አይቀመጥም። አባት "ኧረ ተቀመጡ" ይላል፤ ሽማግሌ "ሳይሰሙን አንቀመጥም" ይላል። አባት ይለምናል፣ ሽማግሌ ይቆማል። ያማረ ወግ ነው። ብቻ ይህን ወግ ያወጡት አባቶች ወለል የሚባል ነገር ምንጊዜም ባለበት ይረጋል ብለው ያሰቡ ሰዎች ናቸው። ስለ ጀልባ ያሰበ አልነበረም።

ነገሩ የተመስገን ነው። ተመስገን የሆሳዕና ልጅ ነው፣ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ አለው፤ ስፓዛ የምንላት ከዳቦ እስከ ሻማ፣ ከሞባይል ካርድ እስከ ዳይፐር በፍርግርግ መስኮት የሚሸጥባትን ሱቅ ነው። ከሱቁ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለው ክሊኒክ ማህሌት የምትባል ፋርማሲስት ትሠራለች፤ ሐበሻ ናት፣ ግን እዚሁ ያደገች፣ አማርኛዋ መሐል መሐል ላይ እንግሊዝኛ የሚገባበት። ለምሳዋ ዳቦ ልትገዛ መጣች፤ በማግስቱም መጣች። በሦስተኛው ወር ገደማ ደንበኞቹ ራሳቸው ገና ከሩቅ ሲያዩዋት "ማኮቲ መጣች" ይሉት ጀመር። ማኮቲ በዙሉ ሙሽራ ማለት ነው። እንግዲህ ቴምቢሳ ከእኛ ቀድሞ ሸምግሎ ጨርሷል።

የቀረው አባት ነው። ዶክተር ኃይሉ የአጥንት ሐኪም ናቸው፤ እዚህ አገር ሃያ ዓመት ሠርተዋል፣ ባለቤታቸው ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ከማህሌት በቀር ልጅ የላቸውም። ተመስገን ፍርሃቱን አልደበቀኝም። "ጋሼ፣ እሷ ዲግሪ አላት። እኔ ያለኝ በየጊዜው እየተሰለፍኩ የማሳድሰው የጥገኝነት ወረቀት ነው። አባቴ እሺ ካላለ አላገባም ብላኛለች። እምቢ ካሉ አለቀልኝ" አለኝ። ይህን ሲለኝ በፍርግርጉ በኩል ለአንድ ልጅ ሁለት ከረሜላ እየሰጠ ነበር።

ሁለተኛው ሽማግሌ ወንጌላዊ ጴጥሮስ ነው፤ በተመስገን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የዱራሜ ሰው፣ ድምፁ ማይክሮፎን የማይፈልግ። ቀጠሮ ለመያዝ ወደ ዶክተሩ የደወለው እሱ ነው። ዶክተሩ ጠቡም ፍቅሩም በማይለይ ድምፅ "ቅዳሜ ባስ ልይዝ ወደ ማጋሊስበርግ ተራራ እወጣለሁ፤ ከፈለጋችሁ እዚያው ኑ" አሉና ዘጉ። ጴጥሮስ ስልኩን ኪሱ ከተተና ራሱን ነቀነቀ። "ምስኪን፣ መኪናቸው ተበላሽቷል" አለ።

እኔም አዘንኩ። ያን ያህል ዘመን የሰው አጥንት የጠገነ ሐኪም በባስ ሊሄድ። ቆይተን ግን ነገሩ ለእኛ ደግ ምልክት መሰለን፤ በባስ የሚሄድ ሰው ባለ ስፓዛን አይንቅም። ጴጥሮስ ሆዱ አልችል ብሎ መልሶ ደወለ። "ዶክተር፣ ምን ሲደረግ በባስ ይሄዳሉ፣ እኛ እናደርስዎታለን" አላቸው። ዶክተሩ "የት?" አሉ። ከዚያ "ባስ ዓሣ ነው" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ ልብሳችንን ለብሰን፣ ከረባታችንን አስረን፣ በእኔ መኪና ሄድን። ሐይቁ በተራሮች መሐል ተኝቷል፤ ዳሩ ላይ ሎጅ አለ፣ የሎጁ እንግዶች በቁምጣ ሣር ላይ ተጋድመው እኛን ሲያዩ ቀብር ያለ መሰላቸው። ዶክተሩም ከውኃው ዳር ባለው የእንጨት መረማመጃ ላይ በቁምጣ ቆመው አገኘናቸው። የልጅቷን አባት ጉልበት ማየት የሽማግሌን ግማሽ ወኔ ይወስዳል። ከጎናቸው ቴቦጎ የሚባል ቀጭን ሰው አለ፤ እንግዶችን ዓሣው ወደሚገኝበት በጀልባ መምራት ሥራው ነው። ጴጥሮስ በዙሉ "ሳውቦና" ብሎ ሰላምታ ሰጠው። ቴቦጎ በራሱ ቋንቋ በሴትስዋና "ዱሜላ" ብሎ መለሰለት። ቀኑ በዚሁ መልክ ቀጠለ።

ዶክተሩ "ጀልባው ላይ እናወራለን" ብለው ገቡ። እኛም በሱፋችን ላይ እንደ ብርቱካን የቀላውን መንሳፈፊያ ጃኬት ደርበን ተከተልን። ቴቦጎ እጁን ሞተሩ ላይ አድርጎ ጠበቀ። እኛ ቆመናል።

"ተቀመጡ" አለ በእንግሊዝኛ።

"አንቀመጥም" አለው ጴጥሮስ፣ በትሕትና።

"ለምን?"

"የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።"

ቴቦጎ ዶክተሩን አየ። ዶክተሩ መንጠቆ እየቋጠሩ ቀና አላሉም። "ሰው ቆሞ እያለ ሞተር አላስነሳም" አለ ቴቦጎ። በእሱም በኩል ሕግ ነው። የእኛም ሕግ ነው። የጴጥሮስን ሕግ ያወጡት የሞቱ ሰዎች ናቸው፣ የቴቦጎን ሕግ ያወጡት ደግሞ ሰው እንዳይሞት የፈለጉ ናቸው፤ በሁለቱ መሐል ጀልባዋ ታስራ ቀረች። ዶክተሩ ይሄኔ ነው ቀና ያሉት። "ከተቀመጣችሁ ጉዳዩን ተዋችሁት ማለት ነው፣ አይደል?" አሉ። እያሾፉ ይሁን እየፈረዱ አልገባኝም።

እኔ የኢንሹራንስ ሰው ነኝ፤ የሕግ ቀዳዳ መፈለግ መተዳደሪያዬ ነው። "ወንጌላዊ" አልኩት፣ "ከጀርሚስተን እዚህ ድረስ መኪና ውስጥ ተቀምጠን አይደል የመጣነው? ያን የቆጠረብን አለ?" አሰበ። ትራንስፖርት ላይ መቀመጥ እንደ መቀመጥ እንደማይቆጠር በአማርኛም በከምባትኛም ከራሱ ጋር ተማከረና ተስማማ። ጀልባዋ ስትቆም እንቆማለን።

ሐይቁ መሐል ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ፤ ተነሳን። ጀልባዋ ወደ ግራ ስታዘነብል ጴጥሮስ ከረባቴን ያዘ። በዚያች እጁ እንደያዘኝ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ክቡር ዶክተር ኃይሉ" ብሎ ጀመረ፤ ድምፁ ከተራራው ተመልሶ መጣ። ቴቦጎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ዓሣው ይሰማል። እናም የጴጥሮስን የመሰለ ጉሮሮ ይዘን በሹክሹክታ ልጅ ጠየቅን። "ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው" የምትለዋ ላይ ስንደርስ የዶክተሩ የማጥመጃ ዘንግ ጎበጠ።

"ቆዩ" አሉ።

ቆየን። ከውኃው የወጣው አረንጓዴ ጀርባ ያለው፣ አፉ የአንድ ሕፃን ጭንቅላት የሚያስገባ ወፍራም ዓሣ ነው። ዶክተሩ መዘኑት፣ ቴቦጎ ፎቶ አነሳቸው፣ ከዚያ በሁለት እጃቸው ውኃ ውስጥ ትንሽ ይዘው ቆዩና ለቀቁት።

"ጣሉት?" አለ ጴጥሮስ።

"ለቀቅኩት።"

"ታዲያ ለምን ያዙት?"

"ለመልቀቅ።"

ጴጥሮስ ትክ ብሎ ውኃውን አየ። ያ ዓሣ ለአምስት ሰው ምሳ ነበር። ወዲያው ግን ፊቱ በራ፤ ያን ብርሃን አውቀዋለሁ፣ ስብከት ሲመጣለት ነው። ልከለክለው ፈልጌ ነበር፣ ከረባቴ ግን እሱ እጅ ነው። "እንግዲህ ዶክተር" አለ፣ "ይህን የመሰለ ዓሣ ከያዙ በኋላ ያለ ቅሬታ ከለቀቁ፣ ልጅዎንም እንደዚሁ..."

"ልጄ ዓሣ አይደለችም" አሉ ዶክተሩ።

አማርኛ የማይሰማው ቴቦጎ እንኳ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። እኔ የታየኝ ተመስገን ነው፤ ያን ሰዓት ስልኩን ዳቦ መደርደሪያው ላይ አቁሞ የእያንዳንዱን ደንበኛ ሒሳብ እየተሳሳተ ይሆናል። አዘንኩለት። በራሳችንም አፈርኩ፤ የአንድ ሰው ዕድሜ ልክ በሁለት ሱፍ ለባሽ እጅ መግባቱ ትክክል አልመሰለኝም።

ዶክተሩ ክሩን እንደገና ወረወሩና ጀርባቸውን ሰጥተውን ተናገሩ። "ልጁን አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሱቁ ሄጄ ዳቦ ገዝቻለሁ፣ ማን መሆኔን አላወቀም። አንዲት አሮጊት ከወረፋው ፊት ሲያስቀድም አይቻለሁ። የወረቀቱንም ነገር ማህሌት ነግራኛለች፤ እኔም ስመጣ ያው ወረቀት ነበረኝ።"

"ታዲያ ዶክተር?" አልኩ።

ክሩን ጠቀለሉ። "እናቷ የሞተች ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ቅዳሜ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ምን እንደምናደርግ ሁለታችንም ጠፋን። አንድ ቀን ዝም ብዬ እዚህ አመጣኋት። ወደደችው። ከእኔ የበለጠ ነው የምትወደው። ይኸው በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። ዛሬ የቀረችው እናንተ ስለምትመጡ ነው።" ከጴጥሮስ ኋላ ያለውን ወንበር በዘንጋቸው ጫፍ አመለከቱ። "እሱ የእሷ ቦታ ነው።"

ጴጥሮስ ቆሞ ስለነበር የሚነሳበት አልነበረውም። ቢሆንም ከወንበሩ ትንሽ ራቅ አለ። እኛ መልስ አዘጋጅተን የመጣነው ለዲግሪና ለወረቀት ብቻ ነበር።

"ልጁ ውኃ ይወዳል?" አሉ ዶክተሩ።

የሽማግሌ ሥራ በማያውቀው ነገር ዋስ መሆን ነው። "በጣም እንጂ" አልኩ። "ያደገው ወንዝ ዳር ነው።" ስለ ወንዙ ምንም የማውቀው የለም። ወንጌላዊው ሰማይ ሰማይ አየ።

"በጠዋት ይነሳል?"

"የዳቦ መኪና የሚጠብቀው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ነው" አለ ጴጥሮስ፤ ይህኛው እውነት ስለሆነ ድምፁ ተመለሰለት።

"እንግዲያው የሚቀጥለው ጊዜ ይምጣ" አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉና "ተቀመጡ" አሉን። ተቀመጥን።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔ ክብር ነበር። ተመስገን ግን ኋላ እንደተረዳሁት ከባልዲ ለሚበልጥ ውኃ ቀርቦ የማያውቅ ሰው ነው። በማህሌት ቦታ በተቀመጠበት በመጀመሪያው ቀን ጀልባዋ ሳትንቀሳቀስ አስመለሰው። በሁለተኛው መንጠቆው የገዛ ጃኬቱን ያዘ። በስፓዛ ደግሞ ከሳምንቱ ሁሉ ዋናው ገበያ የቅዳሜ ነው። ከአራተኛው ጉዞ በኋላ ቢሮዬ ድረስ መጣ፤ ፊቱ ገርጥቷል። "ጋሼ፣ 'አንተ ወንዝ ዳር አድገህ' ይሉኛል እኮ። የትኛው ወንዝ?" አለኝ። እኔ ወደ ተጋጩት መኪኖች ፎቶ ተመለስኩ። "አባቷ 'በጣም ትወደዋለች' ብለዋል። እሷ ከአባቷ ጋር ትመለስና እኔ ሱቄን ልጠብቅ። እሷን ያነጋግሩልኝ" አለኝ።

ልክ ነው አልኩ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ዶክተሩና ተመስገን ሐይቅ ላይ ሳሉ ወደ ማህሌት ሄድኩ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ በሩን የከፈተችልኝ በፒጃማ ነው፣ ትራሱ ጉንጯ ላይ ታትሟል። መልእክቱን ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ሳቋ አለቀ።

"አንክል ብርሃኑ፣ ኦነስትሊ፣ እኔ አንድ ቀን ወድጄው አላውቅም። ብርዱን፣ ሽታውን፣ ዓሣው አፉን ከፍቶ ሲያየኝ፣ ኤቭሪ ታይም ያመኛል።"

"ታዲያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ?"

"የመጀመሪያው ቀን ዳዲ ዓሣ ሲይዝ ሳቀ" አለች። "ማሚ ከሞተች በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ወደድሽው ወይ አለኝ፣ በጣም አልኩት። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልተወው?"

ዶክተሩ ለእሷ ብለው፣ እሷ ለእሳቸው ብላ። ሁለቱም ዋሹ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም፤ ከሁሉም የባሰ ዋሾ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "እንግዲህ ለተመስገን ምን ልበለው?" አልኳት።

"የመጀመሪያው ዓመት ነው የሚከብደው በለው" አለችና ተመልሳ ልትተኛ ገባች።

ማታውኑ ሱቁ ሄጄ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ተመስገን ዳቦ እየደረደረ ሰማኝ። አንዲት ሴት መጥታ ስኳር ጠየቀችው፣ ሰጣት፣ መልሷን ቆጠረላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና እዚያ ሐይቁ ላይ ጠዋት ጠዋት በጣም ይበርዳል፣ ደህና ጃኬት የት ይገኛል አለኝ።