ሥዕል እያማረጡ የሚያጨሱት ጋሽ ሣህሉ

በየሰፈሩ፣ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ለጎረቤት የተጻፈ የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለውን በር ገፍቶ ይገባል፤ «ቀለም አልደረቀም» ከተባለው አግዳሚ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። የእኛ የፋሲሎ ሰፈር ሰዎች ድርሻ ጋሽ ሣህሉ ናቸው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ወጥተዋል፤ በሲጋራ በኩል ግን ጡረታ አያውቁም። እኛ ጎረቤቶቻቸው፣ እሳቸው በሌሉበት «መጋቤ ጢስ» እንላቸዋለን።

ጋሽ ሣህሉ ሲጋራ የሚመርጡት ፓኮው ላይ በታተመው ሥዕል ነው። ሥርጉት ሱቅ ደጃፍ ይቆሙና መነጽራቸውን ያደርጋሉ።

«ይህችኛዋ ሳንባ ናት፤ መልሻት። ጥርስ የለሽም?»

«ጥርሱ አልቋል፣ ጋሼ።»

«ያሳዝናል። የእኔ ጥርስ ድሮ ረግፏል፤ እሱ ምንም አያገኝብኝም ነበር።»

«እግር የቆሰለበት አለ።»

«በእግሬማ ጊዮርጊስ ድረስ እሄድበታለሁ። በይ የእርጉዟን ስጭኝ፤ እሷ እኔን አትመለከተኝም።»

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ለምን ሥዕል እንደሚያማርጡ ጠየቅኋቸው። «ሁሉም ፓኮ ሁሉንም በሽታ የሚያመጣ ቢሆን» አሉኝ በትዕግሥት፣ «ለምን ሁሉንም ባንድ ላይ አልሣሉትም? ፈትሸው ነው እንጂ ለይተው የሚጽፉት።» ትምባሆው አንድ ነው ብዬ ብከራከር፣ «ፈትሸኸዋል?» አሉኝ። አልፈተሽሁትም።

ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝና ባጃጅ ተራ ሄጄ ሾፌሮቹን መጠየቅ ጀመርሁ። አንዱ፣ ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ የታመመው ጊዜው ያለፈበት ሲጋራ አጭሶ ነው አለኝ። ሌላው የሚገዛው በነጠላ ብቻ ነው፤ «ነጠላዋ ላይ ምንም አልተጻፈም» ብሎ አገላብጦ አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ አልተጻፈም። ለማስፈራት የተሣለ ሥዕል ሰው ልብ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ያለ መልክ ይይዛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በዚህ መሃል የጋሽ ሣህሉ ልጅ ማኅሌት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናት አባቷ ቤት መጣች። በመጣች ማግስት አባቷ ጠረጴዛው ላይ የተዉትን ፓኮ አንሥታ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ቡና ልጠጣ ተጠርቼ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ።

«አባዬ፣ ይኼ እኮ እኔን ይመለከተኛል» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

 በነጋታው ጋሽ ሣህሉ በሬን አንኳኩ።

«ጢሱ ፓኮውን ያልገዛ ሰው ዘንድም ይሄዳል?»

«ይሄዳል፣ ጋሼ። ለፅንሱም አይበጅም።»

«ታዲያ ሥዕሉን ጢሱ ላይ አይሥሉትም ነበር?» ብለው ተቆጥተውኝ ሄዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታቸው ውስጥ አላጨሱም። ዝናብም ቢሆን ጃንጥላ ይዘው ጣና ዳር ይወርዱና የደንገሉ ቄጠማ አጠገብ ቆመው፣ ነፋሱ ወደ ደቅ ደሴት ሲነፍስ ያጨሳሉ። ሲመለሱ ዳገት በሌለበት መንገድ ቆም እያሉ ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ምን ሆነዋል ስላቸው፣ «ሐይቁን እያየሁ ነው» ይላሉ፤ ፊታቸው ግን ወደ ከተማው ነው።

ማኅሌት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ሣህሉ ከሐይቁ ዳርም ከሱቁም ጠፉ። ሥርጉትን ብጠይቃት፣ «እኔም ግራ ገብቶኛል፤ ታመው ይሆን?» አለችኝ። ወደ ቤታቸው ገሠገሥሁ።

በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው ከረሜላ ይመጥጣሉ።

«ተዉት እንዴ?»

«ሥዕሉን ፈርቼ እንዳይመስልህ። ከሐይቁ መጥቼ ልጅቱን ሳቅፋት አስነጠሳት።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ። አይበቃም?»

ሕፃን በብርድም ያስነጥሰዋል ልላቸው ነበር፤ ደግነቱ አፌን ያዝሁ።

ሲጋራ ያቆመ ሰው ጠባይ እንዴት እንደሚከፋ ያየ ያውቀዋል። ጋሽ ሣህሉ አሁን በአረማመዴ፣ በጫማዬ፣ በሰላምታዬ ሳይቀር ይቆጡኛል። ማኅሌት «አይቀየሟቸው» ትለኛለች። እኔ ግን ጧት ጧት ከረሜላ ገዝቼ እሄድና አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ሲሳደቡ ትንፋሻቸው ሳይቆራረጥ እስከ መጨረሻው ሲደርስ መስማት ደስ ይለኛል።