የጋሽ በላቸውን ስም ያጠፋሁበት ምርጫ

ይሄ ሀገር የሰው ነውር ቴምብር ተለጥፎበት ቤት ድረስ የሚመጣበት ሀገር ነው። እኛ ጋ ሰው ማማት ድካም አለው። መልበስ አለ፣ መውጣት አለ፣ ጎረቤት ጋ ገብቶ የጤናውን የልጆቹን መጠየቅ አለ፤ ከዚያ ነው ቀስ ተብሎ ወደ ጉዳዩ የሚገባው። እዚህ ግን ምርጫ ሲደርስ የፖስታ ሳጥኔን ስከፍት አንድ የማላውቀው ሰው ምን ዓይነት ውሸታም እንደሆነ በወፍራም ወረቀት ታትሞ ይጠብቀኛል። ማነው? አላውቀውም። ምን አደረገኝ? ምንም። ግን ፎቶውን ሳይ ጠላሁት። ፎቶውን እንዴት እንደሚመርጡት አይታችኋል? አፉ ግማሽ ተከፍቶ፣ አንድ ዓይኑ ሊጨፈን ሲል። መልአክም ቢሆን እንደዛ ከተነሳ አይመረጥም።

ቴሌቪዥኑማ ባሰ። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሜሪላንድ። ለፕሬዚዳንት ምርጫ እኛን ብሎ የሚደክም የለም፤ ማንን እንደምንመርጥ አስቀድሞ ይታወቃል። ግን ቴሌቪዥናችን ከቨርጂኒያ ጋር አንድ ስለሆነ ለእነሱ የተዘጋጀውን ስድብ እኛም እንሰማለን። የጎረቤት ጠብ በግድግዳ በኩል እንደ መስማት ነው። አይመለከትሽም፣ ግን ድምፁን አትቀንሺውም።

ይሄን የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ሶልያና ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካንን ታሪክ ተምራ፣ አማርኛ መጻፍ ደሞ ከእኔ ጋር እየተጣላች የተማረች ልጅ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አክስቴ ቀስ በይ ትለኛለች። ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ ቀስ ብዬ አላውቅም፣ አሁን ከየት ላምጣው?

ወደ ጉዳዩ። የእድራችን ፕሬዚዳንት ቴክሳስ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ሄዱ። በወረቀቱ ሊቀመንበር ነው የሚለው፤ አሜሪካ ስለሆንን ግን ፕሬዚዳንት እንላለን። በቦታቸው ሁለት ስም ይወራ ጀመር። አንዷ እኔ አሰለፈች፣ ሁለተኛው ቨርጂኒያ፣ የአሌክሳንድሪያው ጋሽ በላቸው። ሠላሳ ዓመት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የሰውን መኪና ቦታ ቦታ ሲያስይዙ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን ሳጠፋም በአንቱታ ነው ያጠፋሁት፣ ይሄ ይመዝገብልኝ።

ለምን አጠፋሽ አትሉኝም? ጋሽ በላቸው ከተመረጡ ወርሃዊውን ስብሰባ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ሊያዛውሩት ነው። እዛ ሰፊ አዳራሽ አለ፣ ፓርኪንጉ አያስቸግርም። እውነት ነው። እኔ ግን ሃይዌይ አልነዳም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራም ቤተክርስቲያንም ገበያም በውስጥ ለውስጥ ነው የምሄደው። ቤልትዌይ የሚሉት ከተማውን የሚዞር ሃይዌይ ገብቼ፣ ያንን የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ? አይሞከርም። በውስጥ ለውስጥ ልሂድ ብል ደሞ ሰው ሲበተን ነው የምደርሰው። ያቺ በወር አንድ እሁድ ናት ሰው የማገኝባት። ስንት ለቅሶ አብረን የተቀመጥን፣ ስንት ድስት አብረን ያወረድን ሰዎች የምንገናኝባት። እሷ ከቀረች ወሬ የሚያመጣልኝ የፖስታ ሳጥኔ ብቻ ሊሆን ነው።

ኔጋቲቭ ካምፔይን ያስፈልግሻል አለችኝ ሶልያና፣ ኩሽናዬ ውስጥ ቆማ የከተፍኩትን ካሮት እየበላችብኝ። ምንድነው እሱ ስላት ከሀገሩ መሥራቾች ጀመረችልኝ።

ለካ ስድቡ የቴሌቪዥን ፈጠራ አይደለም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ጓደኛሞች ነበሩ አለችኝ፤ ሀገሩን አብረው ያቆሙ። ከዚያ አንዱ ፕሬዚዳንት፣ ሌላው ምክትሉ ሆኖ ሳለ ተወዳደሩ። የየወገናቸው ጋዜጣ ያላለው የለም። አንዱን ፈጣሪውን የካደ ነው፣ ሌላውን ሊነግሥ ያማረው ነው አሉት። ሁለቱ ሰውዬዎች ግን ዝም ብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ራስን ምረጡኝ ማለት ነውር ነበር አለችኝ። አቋረጥኳት። ነውር ነበር? አዎ፣ ነውር ነበር። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሀበሻ ነበሩ በይኝ!

እኛስ እንደዚሁ አይደለን? ሰው ሲጠቆም፣ ኧረ እኔ አልችልም ይላል። የለም አንቺው ነሽ ይባላል። ሁለተኛ እምቢ ይላል፣ ይለመናል። በሦስተኛው አንገቱን ደፍቶ፣ ካላችሁ እንግዲህ ብሎ ይቀበላል። ሁለት ጊዜ እምቢ ሳይል የተቀበለ ሰው ሥልጣን ወዳድ ነው፣ በዓይን መጠበቅ ያስፈልገዋል።

መጨረሻቸውስ አልኳት። በእርጅናቸው በደብዳቤ ታረቁ፣ በአንድ ቀንም ሞቱ አለችኝ። በአንድ ቀን! ሌላ ሰው እዚህ ላይ ያለቅሳል። እኔ የታየኝ የእድሩ ፕሬዚዳንት ጭንቅ ነው። ሁለት ለቅሶ በአንድ ቀን፣ የእድሩ ወንበርና ድስትስ ለየትኛው ቤት ይሄዳል?

ቀጥላ አንድ ጄኔራል ነገረችኝ። ሚስቱን፣ የፊተኛ ባሏን በወጉ ሳትፈታ ነው ያገባችው ብለው በጋዜጣ አዋረዷት። ሰውዬው አሸነፈ። ሴትዮዋ ግን ቤተ መንግሥቱን ሳትረግጥ ሞተች፣ እሱም እነሱ ናቸው የገደሏት እንዳለ ኖረ። እዚህ ላይ ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። በቃ፣ ሚስት አይነካም፣ አቁሚ አልኳት። የጋሽ በላቸው ሚስት ደሞ ደግ ሴት ናት። ከእሷ የነካሁት ቢኖር አንድ ድስት ነው፣ እስካሁን አልመለስኩላትም። ሶልዬ፣ ይሄን አትጻፊው።

ሚስት ካልተነካ ምን ቀረኝ? መርዶው ቀረኝ። ጋሽ በላቸው ባለፈው ዓመት አሌክሳንድሪያ ለቅሶ ሊደርሱ ማለዳ ይወጣሉ። ጥቁር ኮት፣ ነጠላ በትከሻ። የዛ አፓርትመንት ህንፃዎች ሁሉም ቀይ ጡብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ያ ሁሉ መኪና ቦታው ያልጠፋባቸው ሰውዬ ህንፃው ጠፋባቸው። ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው፣ ገና ከደረጃው እንባቸውን አዘጋጅተው፣ በሩን አንኳኩ። የከፈተችው ሴት ሀበሻ ናት፣ ቁርስ ላይ ነበረች። እንግዲህ አስቡት። የማታውቂው ሽማግሌ በማለዳ ጥቁር ለብሶ በርሽ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ምን ትያለሽ? ሴትዮዋ፣ ወንድሜን! ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ባሏ ጮኸ፣ ልጆቹ ጮኹ። ጋሽ በላቸው ደሞ ሐዘኑ የጠና መስሏቸው አብረው ደረት መቱ።

ይሄን ለጓደኛዬ ለእትዬ ሙሉ ኮል አድርጌ፣ ለማንም እንዳትነግሪ አልኳት። ማስታወቂያ ማለት ይሄ ነው። እድርን የሚያህል ነገር፣ የለቅሶ ቤት ለማያገኝ ሰው ይሰጣል ወይ? ይቺን ጥያቄ ብቻ ጨመርኩ። ወሬው ሰኞ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሳ፣ ማክሰኞ አስፐን ሂል ደረሰ፣ ረቡዕ ድልድዩን ተሻገረ። ከእኔ ይልቅ ሃይዌይ ይነዳል።

ታዲያ ታሪኩ ሁለተኛ ግማሽ ነበረው። እኔም አውቀው ነበር፤ ስም የማጥፋት ጥበቡ የት ላይ እንደሚቆም ማወቅ ነው ብዬ ተውኩት። ሴትዮዋና ወንድሟ ተኳርፈው ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። ሞተ ብላ አዲስ አበባ ስትደውል ራሱ አነሳው። ተላቀሱ፣ ታረቁ። ቤተሰቡም ጋሽ በላቸውን መርቆ፣ አብልቶ፣ በሳምንቱ እድራችን ገባ። ሐሙስ ዕለት ወሬው ከአሌክሳንድሪያ ሲመለስ ይሄን ይዞ ተመለሰ። እትዬ ሙሉ ራሷ ደውላ፣ እንዴት ያለ ሰው ነው እባክሽ፣ ተሳስቶ እንኳ ያስታርቃል አትለኝም?

ሶልያናን ጠየቅኋት። አዎ፣ እንደዚህ ያለ ነገር በታሪክም አለ አለችኝ። አንዱን ተወዳዳሪ፣ መጠጡን ይዞ እንጨት ጎጆ ውስጥ ቢቀመጥ ይበቃዋል ብሎ ጋዜጣ አሾፈበት። ደጋፊዎቹ ጎጆዋን ምልክት አድርገው በየከተማው እየጎተቱ አስመረጡት። ሰውዬው ደሞ ትልቅ ቤት ነበረው። ይሄን ቀድመሽ አትነግሪኝም ኖሯል ብላት፣ አቁሚ አልሽኝ እኮ አለችኝ።

እሁድ ደረሰ። ምርጫውን የምትመራው ቤቲ ናት፤ በሦስት ዓመቷ እዚህ የመጣች፣ ጠበቃ፣ ጨዋ ልጅ። እትዬ ሙሉ እጇን አውጥታ እኔን ጠቆመች። ተነሳሁ። እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም ብዬ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መታየቱ ደስ ብሎኝ ሞቅ አለኝ፤ ሰው ራሱን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ልመናው ከፍ ይላል። ጉልበቴን ያመኛል አልኩ። ነገር እረሳለሁ። ቁጡ ነኝ። ስልክ ቶሎ አላነሳም። ሃይዌይም አልነዳም፣ ቨርጂኒያ ሰው ቢሞት ከቀብር በኋላ ነው የምደርሰው። ከዚያ ቁጭ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ልመናውን መጠበቅ ጀመርኩ።

የመጣው የቤቲ ኮምፒውተር ድምፅ ነው፤ ትጽፋለች። ጨርሳ ቀና አለችና፣ እትዬ አሰለፈች ምክንያታቸውን በግልጽ ስላስረዱን እናመሰግናለን፣ ውሳኔያቸውን ማክበር አለብን አለች። እትዬ ሙሉ ብድግ ብላ፣ እንዴ፣ የለም፣ እሷው ናት! አለች። ቤቲ ፈገግ ብላ፣ እትዬ ሙሉ፣ ሰው አልፈልግም ካለ አልፈልግም ማለቱ ነው፣ አናስጨንቃቸው አለቻት። አጨበጨቡልኝ። ደረቴ ላይ እጄን አድርጌ አመሰገንኩ። ምን ላድርግ?

ቀጥሎ ጋሽ በላቸው ተጠየቁ። ሰላም ሲሉ እንኳ ሩብ ሰዓት የሚፈጁ ሰው ናቸው። የእኔን አወዳደቅ አይተዋል። ተነሱና፣ እሺ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ አጭር ንግግር ሰምቼ አላውቅም።

ቃለ ጉባኤው በኢሜይል ለሁሉም ተላከ። ጉድለቶቼ ከአንድ እስከ አምስት ተቆጥረው ተቀምጠዋል። ሶልያና አንብባ፣ አክስቴ፣ ሁለት ዘመቻ አካሄድሽ፣ በእሳቸው ላይ ያደረግሽው ከሸፈ፣ በራስሽ ላይ ያደረግሽው ግን አንድም ተቃውሞ አልገጠመው አለችኝ።

ጋሽ በላቸው መጀመሪያ ስብሰባውን አሌክሳንድሪያ ወሰዱ። ቀጥለው ግን ደወሉልኝ፤ እትዬ አሰለፈች፣ ሃይዌይ አልነዳም ብለዋል፣ እኔ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያማሁት አልኩ። ከዚያ የሚመጡት ማን እንደሆኑ ትዝ አለኝ።

የእኔም ግቢ ሦስት ህንፃ ነው፣ ሦስቱም ቀይ ጡብ። እሁድ ነጠላዬን አጣፍቼ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። መኪናቸው መጣ፣ ቀጥታ የጎን ህንፃ በር ላይ ቆመ። አንዲት ነጠላ እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ እናት ልጃቸውን ይጠብቁ ኖሯል። ጋሽ በላቸው ወርደው፣ እጅ ነስተው፣ በር ከፍተው አስገቧቸው፤ እሳቸውም ልጃቸው የላከው ሰው መስሏቸው ገቡ። መስኮቱን ከፍቼ፣ ጋሽ በላቸው! ብዬ ጮህኩ። ቀና ብለው፣ ማንነቴን ሳይለዩ፣ በትህትና እጃቸውን አውለበለቡልኝና ሄዱ። ብደውል አያነሱም፣ እየነዱ ስልክ አይነኩም።

ሴትዮዋ ሲጫወቱ ውለው፣ በልተው፣ እድሩ ገብተው ተመለሱ። አምስት ዓመት እዚህ ህንፃ ስኖር ከልጄ በቀር በሬ ድረስ የመጣ ሀበሻ የለም፣ የመጀመሪያው እኚህ ሰው ናቸው ብለው ስብሰባውን አስለቀሱት አሉ። አምስት ዓመት፣ ከእኔ መስኮት ሥር። በቃለ ጉባኤው ላይ እኔ፣ ያለ ምክንያት የቀረች ተብዬ ተጽፌያለሁ። ሶልያና ደብዳቤ ጽፈን እናስተካክለው አለችኝ። ተይው አልኳት። ብናስተካክለው ሁለተኛው ግማሽ፣ የእኚያ እናት አምስት ዓመት፣ ይመጣል። አንቺም ይሄን ስትጽፊ መስኮቱ ላይ አቁሚ። ሶልዬ፣ ሰማሽኝ? መስኮቱ ላይ።