ሰማያዊው ሶፋ

ሥዕልን በሶፋው ቀለም የሚመርጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በምኖርባት የባሕር ማዶ ከተማ፣ ዌስተርቪል ውስጥ አንድ አለኝ፤ ወዳጄ ሙስጠፋ። ልጄ ሊድያ ለሳሎኑ ግድግዳ ትልቅ ሥዕል በጣውላ ላይ ሠራችለት፤ ከላይ ሰማያዊ ሰማይ፣ ከታች ቢጫ የበቆሎ ማሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠላት ሥራ ነው።

«አይ ወንድሜ፣ ሰማያዊው ከሶፋዬ ራቀ» ብሎ ፊቱን አጨማደደ። ይመልሰዋል ብዬ ደነገጥኩ።

«ገልብጠን ብንሰቅለውስ?» አለኝ።

ልጆቼን «የሰው ልፋት ይከበር!» እያልኩ የምቆጣው እኔ ምን አደረግሁ? ውሃ ልክ ይዤ፣ ለክቼ፣ አስተካክዬ፣ ገልብጬ ሰቀልኩታ!

ቅዳሜ ሊድያ ልታየው መጣች።

«ማነው የሰቀለው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። መዋሸት ነውር ነው፤ ዓይኔን ግን ወደ ሶፋው አዞርኩ።

ቆማ ቆማ አየችው። «ዳድ፣ ዶንት ተች ኢት! አትንካው፣ እንዲህ ይሻላል።»

ከዚያ ወዲህ ሰማይን ከታች ነው የምትሥለው። በቀደም ኤግዚቢሽኗ ላይ አንድ ባለመነጽር ሰውዬ ስለ ዘመናችን ሰው መገለባበጥ ረጅም ትንታኔ ሰጠ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔና ሙስጠፋ ግን ተያየን። የዚህን ዘመናዊ ጥበብ ምንጭ እኛ እናውቀዋለን፤ ስንት ጊዜ ተቀምጠንበታል።