ከጎረቤቴ ፒካፕ ሥር

እናንተ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር፤ ጎረቤቴ አቶ ምህረቴ ከሞጣ አሮጌ ፒካፕ ገዝተው ቢቸና እስኪያስገቡ ድረስ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጭቃውን ከሥሩ ሲያጥቡለት ቀናሁ። ከጋራዥ ባመጡት የተቃጠለ ዘይት ሆዱን እንዳይዝግ ሲቀቡትማ ጭራሽ እንቅልፍ አጣሁ። ሰው ብረትን እንዲህ ያሻል? እኔን ወገቤን ሲያመኝ ማን አሸኝ?

አንድ ተስፋ ብቻ ነበረኝ፤ ዝገት። ጠዋት ጠዋት ላስተምር ስሄድ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አያለሁ። ጫማዬ ክር የለውም፤ ግን ማን ልብ ይላል?

ሰኔ ላይ ጸሎቴ ተሰማ። ከኋላ ጎማው በላይ ምስር የምታህል ዝገት! ፊቴን ሐዘንተኛ አስመስዬ በራቸውን አንኳኳሁ።

«አቶ ምህረቴ፣ ልብዎን ጠንከር ያድርጉ። መኪናዎ ዝጓል።»

ሰውየው ተንበርክከው አዩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡ፤ አለቀ። ከዚያ ትከሻዬን ያዙኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ መምህር። የእኔ ዓይን ደክሟል። አንተ ግን በየጠዋቱ ጎንበስ እያልክ ስታይልኝ በመስኮት አይሃለሁ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል?»

አፌ ቀደመኝና «ዘይቱንም እኔ እቀባልዎታለሁ» አልኩ። ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከፒካፑ ሥር ተንጋልዬ ዘይት እቀባለሁ፤ እሳቸው ጋቢና ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። ዝገት መፈለጌን አልተውኩም፤ ግን ከየት አገኛለሁ? ራሴ እየቀባሁት!