ኮምፒውተሩን ያስተማርኩት እኔ ነኝ

ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው እኔን ሳያውቀኝ አልቀረም። ሚኒባስ ከመሳፈሬ በፊት ጎማውን ዞሬ የማይ፣ ሰማዩ ሲጠራ ጃንጥላ የምይዝ ሰው ነኝ። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ጃንጥላው የኔ ነው።

ታዲያ እንደኔ ያለውን ፈሪ መምህር የሚያደርግ ዘመን መጣላችሁ። ያውም የኮምፒውተር!

ዮናስ የሚባል፣ ከጎጃም መጥቶ ወልቂጤ የሚያስተምር ወጣት፣ ቸሃ ካለው ጓሮዬ ድረስ ሽቦና ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ። በእንሰት ሕዋሳት ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክና ለጆሮ የማይሰማ ንዝረት አለ አለኝ። ኮምፒውተሩ ያንን አድምጦ፣ የታመመውን ገና ሳይጠወልግ ይለያል። ጎረቤት ጓሮ የእንሰት በሽታ ገብቶ ስለነበር፣ የዮናስ መምጣት ደስ አለኝ። የታመመ እንሰት ቶሎ ካልተነቀለ ጓሮውን ይጨርሳል።

"መጀመሪያ ግን መማር አለበት" አለ ዮናስ። "እኔ እንሰት ያየሁት እዚህ መጥቼ ነው። አባባ፣ የትኛው ጤነኛ፣ የትኛው በሽተኛ እንደሆነ እርስዎ ይንገሩት።"

እስቲ ፍረዱኝ። ጤነኛ ነው ብዬ ቢሞትስ? የአንዱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ብሏል፤ "ታሟል በል" አልኩ። ሌላው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ውጪው ነዋ! ውስጡን ማን አየ? "እሱም ታሟል በል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።" "አባባ፣ አንድ ጤነኛ እንኳ ይስጡኝ" ብሎ ቢለምነኝ አንዲት ችግኝ ሰጠሁት። እሷንም ቅር እያለኝ።

ለመስቀል የሚሆነው ቆጮ የሚፋቅበት ጊዜ ሲደርስ ፈተናው መጣ። ባለቤቴ ዝናሽ ከአዲስ አበባ ለሚመጡት ልጆቻችን ባቆየችው ትልቅ እንሰት ላይ ሽቦው ተሰካ። ኮምፒውተሩ "ታሟል" አለ። የጎኑም ታሟል። ረድፉ በሙሉ ታሟል።

"እንግዲህ መነቀላቸው ነው" አለ ዮናስ አንገቱን ደፍቶ። እኔ ዶማዬን አነሳሁ።

ዝናሽ እንሰቱ ፊት ተገተረች። "አንተ ሰውዬ፣ ልጆቼን ለመስቀል ኮምፒውተር ላብላቸው?" ወደ ዮናስ ዞረች። "ና እስቲ ልጄ፣ የቤቱን ምሶሶ አዳምጥልኝ።"

ምሶሶው እኛ ሳንጋባ የተቆረጠ ጥድ ነው። ልጁ እያቅማማ ሽቦውን አስጠጋ።

"ምን አለ?"

"ታሟል... አለ፣ እማማ።"

"ያውልህ! አንድ ፈሪ ነበረኝ፣ ሁለት አደረግክልኝ!" ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ለካ ይህ አዋቂ የተባለ ዕቃ የነገርነውን ነው መልሶ የሚነግረን፤ ብቻ ሲናገር ኮስተር ይላል። ዮናስ ሽቦውን ጠቅልሎ ሌላ መምህር ፍለጋ ሄደ። እንሰቶቹ ከዶማዬ ተረፉ፤ ትልቁ ተፍቆ ልጆቹ መስቀልን ጠግበው ዋሉ።

እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ምሶሶውን ተደግፌ አልቀመጥም። ተማሪዬ ተሳስቶ ይሆናል።

ባይሳሳትስ?