የፊልሟ ሴትዮ ጠበቃ

ፊልም ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ ስክሪኑን የሚመክር ሰው አይጠፋም። የፍኖተ ሰላሙ ክቡር አያ ላቀው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሽማግሌ ሆነው ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ጉልበታቸው ሲደክም ግን የአብዱልሀኪም ፊልም ቤት የፊት ወንበር ላይ ተሰይመው የፊልም ሰዎችን መዳኘት ያዙ። ሁለት ወንበዴዎች ሽጉጥ ሲማዘዙ፣ “ልጄ፣ ትንሽ አቁመው፤ ደማቸው ይብረድ” ይላሉ። አብዱልሀኪምም እንዳያስቀይማቸው ያቆመዋል።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ትርጉም ፊልም መጣ። ወደፊት በሚመጣ ዘመን፣ ፈገግ ያላለ ሰው ውሃ እንዳይቀዳ የታወጀበት ከተማ ነው። ሕዝቡ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ጥርሱን ገልጦ ይውላል። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ኋላ አንዲት እናት፣ ለተጠማ ልጇ አንድ ጀሪካን ውሃ ብላ፣ ተደብቆ ያለቀሰ ጎረቤቷን ጠቆመች።

“ከሃዲ! በሏት!” አለ ባጃጅ ነጂው ተስፋው።

አያ ላቀው ተነሡ። ጥላቸው ስክሪኑን ሸፈነው።

“ልጇ ተጠምቶባት ምን ታድርግ?”

“እኔ ብሆን ጎረቤቴን አልሸጥም!”

“ቤንዚን ሰልፍ ላይ የገዛ ወንድሙን ገፍቶ የገባው ማን ነበር?”

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ከሴትዮዋ፣ ግማሹ ከጎረቤቷ ወገን ቆሞ ሲጯጯህ አብዱልሀኪም ፊልሙን አጠፋው። ተስፋው “ወይ እሳቸው ወይ እኛ!” ብሎ ወጣ። አብዱልሀኪም ደንበኛ ሊያጣ ነው። እያፈረ፣ “አያ፣ ነገስ ቢቀሩብኝ?” አላቸው። አያ ላቀው ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ።

እሑድ ፊልሙ ያለ አንድ ኮሽታ ታየ። የፊልሙ ከተማ ሕዝብ ጠቋሚነቷን ደርሶበት ሴትዮዋን አደባባይ አውጥቶ በድንጋይ ገደላት። “በሏት” ያለ አልነበረም፤ “ተዋት” ያለም አልነበረም። ተስፋው ባዶውን የፊት ወንበር አየና፣ “እንዲያው ዝም ብለን አየናት?” አለ።

አብዱልሀኪም በቀጥታ አያ ላቀው ቤት ሄደ። መደብ ላይ ጋቢ ለብሰው፣ አኩርፈው ተቀምጠዋል። ቀና ሳይሉ ጠየቁት።

“ሴትዮዋስ?”

“ሞተች፣ አያ።”

“አየህ! እኔን አስቀርተህ፣ የሚናገርላት አጥታ።”

አብዱልሀኪም፣ ፊልም አንዴ የተቀረጸ ነገር መሆኑን፣ ሴትዮዋም መቶ ጊዜ ብትታይ መቶ ጊዜ እንደምትሞት ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አየና መልሶ ዘጋው።

“ነገ ከመጀመሪያው አስጀምረዋለሁ” አለ። “ወላሂ፣ ቀደም ብለው ይምጡላት።”