ጋሽ ሁዛይፋና ያለ ገመዱ ቻርጀር

መርካቶ ሄዶ ብቻውን ዕቃ ገዝቶ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው የለም። አለ የሚል ካለ ወይ የገዛውን ገና አልከፈተውም፣ ወይ ደግሞ ውሸታም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰፈር አንድ «አዋቂ ሰው» አለው። የዚህ ሰው ሥራ እኛ ልንገዛ ስንወጣ አብሮን መውጣት ነው። ደመወዝ የለውም፣ ኮሚሽን አይቀበልም፣ ና ብሎ የጠራውም የለም። ግን ጫማህን አስረህ ቀና ስትል ደጃፍህ ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ።

የእኛ የተክለ ሃይማኖት ሰፈር አዋቂ፣ ባለ ሙሉ ሥልጣን አጃቢ፣ ክቡር ጋሽ ሁዛይፋ ናቸው። ንግድ ፈቃዳቸው የክርና የልብስ ቁልፍ ነጋዴ ይላቸዋል። ሱቁን ከፍተው የሚዘጉት ግን ባለቤታቸው እትዬ ሰዓደት ናቸው፤ ጋሽ ሁዛይፋ ሱቅ ውስጥ የሚገኙት ከባድ ዝናብ ሲጥል ነው። እትዬ ሰዓደትም «ባሌ የት ሄደ?» ብለው አይጠይቁም። «ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ነው?» ነው የሚሉት።

ጋሽ ሁዛይፋ ሲመጡ «እኔ እያለሁ?» ይላሉ። ሲመለሱ «ብቻህን ብትሄድ ይበሉህ ነበር» ይላሉ። በእነዚህ በሁለቱ መሃል ቀኑ ይመሻል።

ጎረቤታችን አመተ ሥላሴ ፍሪጅ ልትገዛ አብረው ወጥተው ነበር። ጋሽ ሁዛይፋ እያንዳንዱ ፍሪጅ ላይ ጆሯቸውን እየለጠፉ «ይሄ ያንኮራፋል፣ ይሄኛው ደግሞ ትንፋሽ ያጥረዋል» እያሉ ሲያስመርጧት ዋሉና ማታ ብርድ ልብስ ይዛ ተመለሰች። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ማስረዳት አልቻለችም። ዋጋው ግን ጥሩ ነበር ትላለች። አቶ ኃይለየሱስ ጥርስ ሊያስተክሉ የሄዱ ቀንም ጋሽ ሁዛይፋ አልቀሩም። ሐኪሙን «ከኋላ ለሚገባ፣ ሰው ለማያየው ጥርስ፣ የፊት ጥርስ ዋጋ ትጠይቃለህ?» ብለው ተከራከሩት። አቶ ኃይለየሱስ አፋቸውን ከፍተው ክርክሩ እስኪያልቅ ጠበቁ።

ጋሽ ሁዛይፋ ሌላም የማይናወጥ እምነት አላቸው፦ አዲስ ዕቃ ራቁቱን አይውልም። የቤታቸው ሪሞት ከነላስቲኩ ነው፤ ቁጥሮቹ ከላስቲኩ ሥር ስለማይታዩ ጣቢያ የሚቀየረው በግምት ነው። እኔ ያቺን ከቻይና የመጣች የኤሌክትሪክ መኪና የገዛሁ ሰሞን መጥተው ዙሪያዋን ዞሩ፣ ኮፈኗን አስከፈቱኝ፣ ገብተው አዩና «ሞተሯን የት ወሰዱት?» አሉኝ። የኤሌክትሪክ ናት ብዬ አስረዳሁ። «እሺ፣ እሷስ ትሁን። ግን እርቃኗን ልትነዳት ነው?» አሉ።

በማግስቱ አንድ የሚያውቁት ሰፊ ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። ወንበሮቹ ከነፋብሪካ ላስቲካቸው ሌላ ልብስ ተሰፋላቸው። ዳሽቦርዱ ጠጉራም ምንጣፍ ለበሰ። በሁለቱ ወንበሮች መሃል ስልክ የሚቀመጥባት ቦታ ሳትቀር ስፖንጅ ያላት ወፍራም ፍራሽ ተሰፋላት። መኪናዬ ልትዳር የደረሰች መሰለች።

ይቺ የስልክ ቦታ ለእኔ ቀልድ አልነበረችም። የስልኬ የገመድ ቀዳዳ ውኃ ገብቶበት ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስልኩ የሚሞላው ያለ ገመድ፣ ከሥሯ ቻርጀር በተተከለባት በዚያች ቦታ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ባለቤቴ ኤልሳቤት ደግሞ ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያችን ነው። «ምጥ ሲመጣብኝ ስደውል የተደወለላቸው ደንበኛ ምናምን የምትለዋን ሴትዮ እንዳልሰማት!» ብላ አስጠንቅቃኛለች። ኤልሲ ስታስጠነቅቅ ቀልድ የላትም።

መኪናዋ ከለበሰች ብዙም ሳይቆይ ቻርጀሩ ሥራ አቆመ። ለቤት የሚሆን ሌላ ቻርጀር ልገዛ አሰብኩ። ጋሽ ሁዛይፋ ሰሙ። «መኪናህ ውስጥ የተተከለውን ትተህ? እኔ እያለሁ?» የስልኩን ቀዳዳ ላሠራ አልኩ። «ስልክህን እንዳታስከፍት! እነዚህ ልጆች መክፈት እንጂ መዝጋት አልተማሩም።» እና ምርመራው ተጀመረ።

መጀመሪያ መኪናዋን አጥፍተን አስነሳናት። ምንም የለም። ፊውዙን አውጥተን አየን፣ ደህና ነው። ቀጥሎ ጋሽ ሁዛይፋ በጣም ብልህ የሆነ ነገር ተናገሩ። «የስልክህን ልብስ አውልቀው፤ እነዚህ ያለ ገመድ የሚሞሉ ነገሮች መሃል ላይ የሚገባ ነገር አይወዱም» አሉ። ሽፋኑን አወለቅሁ፤ ስልኬን ራቁቱን ፍራሿ ላይ አጋደምነው። አልሞላም። ሁለታችንም በሐዘን አየነው። ፍራሿ ላይ፣ እላችኋለሁ። ከተሰፋች ጀምሮ የመኪናዋ አካል መስላን ለሁለታችንም አልታየችንም።

በመጨረሻ ጋሽ ሁዛይፋ ከኪሳቸው የራሳቸውን ስልክ አወጡ። በቁልፍ የምትሠራ፣ ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረች ስልክ ናት። አስቀምጠዋት ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጠበቁ።

«ሞቷል» አሉ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ስልክ እኮ ያለ ገመድ አይሞላም።»

«የእኔ ስልክ እምቢ ብሎ አያውቅም። እሱ እምቢ ካለ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው። ተነስ፣ ሶማሌ ተራ እንሂድ።»

ከቤት ስንወጣ የስልኬ ባትሪ ቀይ እያሳየ ነበር። ኤልሲ በሩ ላይ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ቶሎ ትመጣላችሁ አይደል?» አለች። ጋሽ ሁዛይፋ «ውልቅ፣ ግጥም፣ አለቀ» አሏት።

ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የማይገኝበት ሱቅ የለም፤ ጋሽ ሁዛይፋን የማያውቅ ሱቅም የለም። ፉርቃን የሚባል ጎልማሳ ዘንድ ወሰዱኝ። ዕቃ ይሸጣል፣ ራሱም ይገጥማል። ለእኔ መኪና የሚሆነውን ቻርጀር ከነካርቶኑ አውጥቶ ዋጋውን ነገረን። ጋሽ ሁዛይፋ የሰው ሞት የተረዱ ይመስል ደረታቸውን ያዙ።

«ለዚህ? ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ሽቦ እኔም ቤት አለ!»

«ጋሼ፣ ኦሪጅናል ነው እኮ። ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን …»

«ለእኔ ብለህማ ከሆነ ቀንስ!»

እጅጌዬን ጎትተው ከሱቁ አወጡኝ። ይህ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ገዢ ይሄዳል፣ ሻጭ «ኑ እስቲ» ይላል፣ ገዢ ይመለሳል። እሳቸው ግን ፉርቃን ከጠራን በኋላም መሄዳቸውን ቀጠሉ። «ጋሼ፣ ኤልሲ እኮ …» ስል «ዝም በል! የቸኮልክ መሆንህን እንዳያውቅብህ» አሉኝ። መቸኮሌን የማያውቅ ሰው በአካባቢው አልነበረም፤ ላቤ እስከ ጫማዬ ወርዷል። ተመለስን። ሄድን። ደግሞ ተመለስን። በዚህ መሃል የሳቸው ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ።

«ያንሱት እንጂ ጋሼ!»

«ሰዓደት ናት። ምሳ ቀረበ ልትል ነው። ዋጋ ላይ ሆኖ ስልክ ያነሳ ሰው ተሸነፈ ማለት ነው።»

ስልኩ ደግሞ ጮኸ። ተዉት። በመጨረሻ ፉርቃን ወደ ሰማይ አይቶ «ውሰዱት በቃ» አለ። ፍራሿን አንስቶ ወዲያ አደረገና አሮጌውን ቻርጀር መንቀል ጀመረ። የእኔ ስልክ ሞቶ ነበር።

አዲሱ ተገጠመ። ስልኬን አስቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ የባትሪዋ ምልክት ብልጭ አለች። ፉርቃን «ማሻአላህ» አለ፣ እኔ «ተመስገን» አልኩ፣ ጋሽ ሁዛይፋ ለሁለታችንም አሜን አሉ። ከዚያ ስልኩን አነሱ፣ ፍራሿን አቧራዋን አራግፈው በክብር ወደ ቦታዋ መለሱ፣ ስልኩን በላይዋ አጋደሙት።

ብልጭታው ጠፋ።

ፉርቃን ፍራሿን አነሳ፤ በራ። መለሳት፤ ጠፋ። አነሳ፤ በራ። ሦስታችንም ተያየን። ፉርቃን አሮጌውን፣ ሞቷል የተባለውን ቻርጀር ከገመዱ ጋር መልሶ አገናኘው። ስልኬን ሲያስቀምጥበት ካዲሱ እኩል ሞላ።

ጋሽ ሁዛይፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔም ይሄንኑ ላረጋግጥ ብዬ ነው» አሉ።

«ጋሼ!»

«ታዲያ ምን ከፋህ? አሁን መለዋወጫ አለህ። ብቻህን ብትሄድ ይበሉህ ነበር።»

ልናገራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። የምናገረውም የተዘጋጀ ነበር፤ ከአመተ ሥላሴ ብርድ ልብስ ይጀምራል። ነገር ግን ከመንገዱ ማዶ አንድ ጎማ ሻጭ እጁን እያወናጨፈ «ጋሽ ሁዛይፋ! ኧረ ጋሽ ሁዛይፋ! አብሮዎት ያለው ሰውዬ ሚስቱ ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ገብታለች!» ሲል ጮኸ።

ኋላ እንደሰማሁት ኤልሲ ደውላ ያቺን ሴትዮ ስትሰማ ጊዜ ሳታጠፋ ወደ እትዬ ሰዓደት ደወለች። እትዬ ሰዓደትም ሱቁን ላጠገባቸው ሰው ሰጥተው፣ ታክሲ ይዘው፣ ኤልሲን ሐኪም ቤት ይዘዋት ሄዱ። ባላቸው ስልክ አላነሳ ሲሏቸው ለአንድ ሸማ ተራ ለሚሠራ ሰው ነገሩ፤ እሱ ምን አለሽ ተራ ላለ ወንድሙ ደወለ፣ ወንድሙ ለጎማ ሻጩ። የሰጡት ምልክት «ሁዛይፋ የሚከራከርበትን ሱቅ ፈልጉ» የሚል ብቻ ነበር። በቅቷል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ እንኳ ጋሽ ሁዛይፋ አንድ ቀን ዕቃ ሲገዛ ያላጀቡት የለም።

እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ጋሽ ሁዛይፋ በመስኮት ግማሽ አካላቸውን አውጥተው «ወላድ አለችብን! ልቀቁልን!» እያሉ መንገድ አስለቀቁ። ወላዷ መኪናው ውስጥ አለመኖሯን ማንም ልብ አላለም። ሐኪም ቤቱ በር ላይ መኪናዋን እንደነገሩ አቁሜ ሮጥኩ። ስልኬ መኪናዋ ውስጥ ቀረች፤ እዚያች ራቁቷን በቀረች ቦታ ላይ ተጋድማ ትሞላለች።

እትዬ ሰዓደት ከኤልሲ ጋር ውስጥ ነበሩ። እኛን ነርሶቹ አላስገቡንም፤ ግቢው ውስጥ ካሉት አግዳሚ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ሁዛይፋ እዚያም አላረፉም። አንዱን አባት ስለ ገንፎ ዱቄት መከሩት፣ ሌላውን የሕፃን አልጋ ብቻውን እንዳይገዛ አስጠነቀቁት፣ ጥበቃውን ወንበሩ ከየት እንደተገዛ ጠይቀው ተበልታችኋል አሉት። እኔ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ሲያዩኝ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጫን አደረጉ። እግሬ እስኪያርፍ አላነሱትም።

ማምሻውን ስልካቸው ጮኸ። በመጀመሪያው ጩኸት አነሱት።

«አቤት ሰዓደት።»

ሰሙ። ዓይናቸው ሞላ። እኔ ጋሽ ሁዛይፋን አውቃቸዋለሁ፤ የሰው ልጅ የፈተና ውጤት ከተፈታኙ ቀድመው ሰፈሩን የሚያዳርሱ ሰው ናቸው። አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት።

«ቆይ ሰዓደት፣ ለእሱ ራስሽ ንገሪው» አሉና ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሴት ልጅ ናት። ኤልሲም ደህና ናት። እትዬ ሰዓደት ሌላም ብዙ ነገር ተናግረዋል፣ አልሰማሁም። ስልኩን ልመልስ ዞር ስል ጋሽ ሁዛይፋ ኮፍያቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጉበታል። እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«ለእርስዎ አልነገሩዎትም?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! ኔትወርኩ አይሰማም» አሉ።

ሴት ልጅ ወለድን ብዬ ነገርኳቸው። ያን ሁሉ አባት እስኪያስደነግጡ በደስታ ጮኹና፣ ገና አሁን እንደሰማ ሰው አቀፉኝ።